የተቃጠለችው የጨው ሣጥን

ዶን ባልታሳር ሲሞት የማንም ጩኸት አልተሰማም። የተሰማው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የቶሪቢዮ ትሪ ሲወድቅ ነው።

ቶሪቢዮ «ላ ቶርካሳ» በተባለው ሥጋ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አስተናግዷል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ከእጁ አንዲት ማንኪያ ወድቃ አታውቅም። ስለዚህ ትሪው ጓሮ ውስጥ ሲንኳኳ፣ አዳራሽ የተቀመጡት ሁለት ሰዎችና ወጥ ቤት የነበረችው ኖኤሚ አንድ ክፉ ነገር መድረሱን ሳይነገራቸው አወቁ።

ባለቤቱና ጠባሹ ዶን ባልታሳር ከምድጃው ፊት በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱን ተመትቷል። ረጅሙ የብረት መቆስቆሻ ከጎኑ ወድቋል። ከበላዩ፣ በብረቱ ርብራብ ላይ፣ አንድ ሙሉ ጎድን ወርቃማ ሆኖ ተጋድሟል።

በቦነስ አይረስ የማታዴሮስ ሰፈር ፖሊስ ኢንስፔክተር ባሬላ ሰባት ተኩል ላይ ደረሰ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ገዳዩን አውቆ ጨርሶ ነበር። የዓቃቤ ሕግ መርማሪዋ ክሎቲልዴ ሶሳ ስምንት ተኩል ላይ ስትመጣ በሩ ላይ ቆሞ ተቀበላት።

«በከንቱ ደከሙ፣ ወይዘሮ ክሎቲልዴ። እሑድዎን አበላሸሁብዎት።»

«እሑዴ የካሮት ሾርባ ነበር» አለች ኮቷን ሳታወልቅ። «ሐኪሙ ሥጋ ከከለከለኝ ወዲህ እሑድና ሰኞ አንድ ናቸው። በል ንገረኝ።»

ክሎቲልዴ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። አባቷ ግንበኛ ነበር። በየሕንፃው ሥር በምሳ ሰዓት ሽቦ ዘርግቶ ለጓደኞቹ ሥጋ ሲጠብስላቸው እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ነው ያደገችው። ባሬላን ደግሞ ከጀማሪነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ የሚቸኩለው ርግጠኛ ሲሆን ሳይሆን ሲርበው እንደሆነ ተገንዝባለች።

«ሬሳውን ያየው ሐኪም ሰውየው የሞተበትን ሰዓት በልክ መናገር አልቻለም» አለ ባሬላ በጓሮው በር በኩል ምድጃውን እያሳያት። «ሬሳው እሳት አጠገብ ስለነበር አልቀዘቀዘም። ግን ሥጋው ሰዓት ነው። ይዩት። ተቃጥሏል? አልተቃጠለም። ይህን የሚያህል ፍም ላይ ጎድን አስቀምጦ ሩብ ሰዓት ዞር ያለ ሰው ሲመለስ ስቡ ነዶ ከሰል ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ባልታሳር እስከ ሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ድረስ በሕይወት ቆሞ ሲጠብስ ነበር። ሥጋው ሲደርስለት ፍሙን ከሥሩ ጠረገ፤ ይኸው ክምሩ። ከዚያ ተመታ።»

«በዚያ ሰዓት ማን የት ነበር?»

«ቤቱ ገና ለደንበኛ አልተከፈተም፤ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው። ሦስቱ አዳራሽ ሆነው ይተያያሉ። ብቻዋን የነበረችው ልጁ ኖኤሚ ናት። ከወጥ ቤቱ እስከ ምድጃው አሥር እርምጃ ነው። ጠዋት ደግሞ ተጣልተዋል። ምድጃውን ልቀቅልኝ አለችው፤ በዚህ ቤት ሴት ፍም አትነካም አላት። መንገዱ ሁሉ ሰምቷል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስዳታል።»

«ሥጋውን ቀምሰኸዋል?»

ባሬላ የቀለደች መስሎት ሳቀ። «ማስረጃ ነው እንጂ ምሳ አይደለም።»

ጓሮው ውስጥ አንድ ወጣት ፖሊስ እየተቆጣ ነበር። ኖኤሚ ሳትሰማው እንጨት ትጨምራለች። ከምድጃው በስተግራ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ እንጨቱ ነዶ ፍም የሚሆንበት ትልቅ የብረት ቅርጫት ቆሟል፤ እሳቱ አሁንም ይንበለበላል።

«ራቂ ብዬሻለሁ እኮ» ይላል ፖሊሱ።

«ይህ እሳት ከአያቴ ጀምሮ እሑድ ቀን ጠፍቶ አያውቅም» አለች ኖኤሚ ዞር ሳትል። «አባቴን ወስዳችኋል። እኔንም ልትወስዱ ነው። እሳቱን ግን አታጠፉትም።»

«ተዋት» አለች ክሎቲልዴ። «እሳት ሮጦ አያመልጥም።»

ኖኤሚ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ዓይኗ ደርቋል፤ ፊቷ ላይ ያለው ቁጣ ነበር።

«ጠዋት ምን ተባባላችሁ?»

«ያው የሰሙትን። አሥራ ስድስት ዓመት ቲማቲም ቆርጫለሁ፣ ሽንኩርት ልጫለሁ። እሱ ሲያመው በሌሊት ተነሥቼ እሳቱን የማነድለት እኔ ነኝ። ሰው ፊት ሲሆን ግን ወጥ ቤት ግቢ ይለኛል። ዛሬ እምቢ አልኩ። አንቺ እያለሽ ቤቱ መሣቂያ ይሆናል አለኝ። እኔም እንግዲያው አንተ ስትሞት እይዘዋለሁ አልኩት።» ቃሏን ራሷ ሰማችው። «ብያለሁ። አልክድም።»

«ከዚያ በኋላ አየሽው?»

«ፊቱን ማየት ስላልፈለግሁ የጓሮውን በር ዘጋሁት። አሥር እርምጃ ላይ ተደፍቶ እኔ ቲማቲም እቆርጥ ነበር።» ወደ እሳቱ ዞረች። «ይህንንም ጻፊው።»

ክሎቲልዴ አልጻፈችም። ምድጃውን ትመለከት ነበር። ከርብራቡ ሥር የቀረው ፍም ጥቂት ነው፤ የተጠረገው በስተቀኝ ጥግ ተከምሮ ነጭ አመድ ሆኗል። ከክምሩ ሥር የአንዲት ትንሽ የእንጨት ሣጥን ጠርዝ ይታያል። ኖኤሚ ጎንበስ ብላ በጣቷ ጎተተችው። አንድ ጎኑ ከሰል ሆኗል።

«የጨው ሣጥኗ» አለች አመዱን እያራገፈች። «አያቴ ናት የሠራቻት። ሁልጊዜ በዚህ ጥግ ነው የምትቀመጠው። ቃጠሎ ነክቷት አያውቅም።»

«አትንኪ» አለ ባሬላ።

ክሎቲልዴ ጓሮውን ዞረች። የእንጨቱ ክምር ኋላ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አገኘች። ስትፈታው አዲስ መቆስቆሻ ነው፤ አንጥረኛው ያሳረፈበት የመዶሻ ምልክት ገና አልጠቆረም። አቆመችው። ከወደቀው ከአሮጌው በአንድ ክንድ ያጥራል። ዶን ባልታሳር ደግሞ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ነበር።

«ኖኤሚ፣ ቁመትሽ ስንት ነው?»

«አንድ ሜትር ከሃምሳ ሁለት። ለእስር ቤት ልብስ ነው የምትለኪኝ?»

«አይደለም» አለች ክሎቲልዴ፤ መቆስቆሻውንም መልሳ ጠቀለለችው።

አዳራሹ ውስጥ ቶሪቢዮ ማንም የማይቀመጥበትን ጠረጴዛ ጨርቅ እያስተካከለ ነበር። ግድግዳው በፎቶግራፍ ተሞልቷል፤ ባልታሳር ጢም ሳያወጣ፣ ባልታሳር ከሠርገኞች ጋር፣ ባልታሳር ጎድን ይዞ። ክሎቲልዴ አንደኛው ፊት ቆመች። አንድ ወፍራም ሰው በሌላ ምድጃ ፊት ይሥቃል፤ የእሳት ቅርጫቱ በቀኝ እጁ በኩል ይነዳል።

«ይህ ማን ነው?»

«ዶን ኤልፒዲዮ ነው፣ እመቤቴ። የሟቹ ሚስት ወንድም። ያ የራሱ ቤት ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቶበት ከአምስት ዓመት በፊት ተዘጋ። ዶን ባልታሳር እዚህ አመጣው። ከእኔ በኋላ ምድጃው ያንተ ነው ብሎታል፤ በዚህች ጠረጴዛ፣ እኔው ወይን እየቀዳሁ።»

«አሁን ምን ይሠራል?»

«ዳቦ ይቆርጣል» አለ ቶሪቢዮ። «በጣም ቀጭን አድርጎ።»

«ዶን ባልታሳር ክፉ ሰው ነበር?»

ሽማግሌው የጨርቁን ጫፍ ሳበ። «ደግ ነበር፣ ግን ያፍርበት ነበር። በዚህ ቤት ሃያ አምስት ዓመት ስሞላ ይህን ሰዓት ሸለመኝ። ሲሰጠኝ ግን "አንተ ሌባ፣ ና ወዲህ" ብሎ ነው የጀመረው። እንግዶች በልተው ለጠባሹ ሲያጨበጭቡ እንኳ ይቆጣቸዋል። ቀድመው ያጨበጨቡ እንደሆነማ አይጣል። "ሳትቀምሱ አታጨብጭቡ" ይላል።» አንገቱን ወደ መስኮቱ አቀና። «ያኛውን እንግዳ አነጋግረዋል? ስሙ ዋሽንግተን ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች ልጅ ሲወልዱ ካርታ ነው የሚገልጡት።»

«ሰምቻለሁ፣ ሽማግሌው» አለ መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠው ሰው።

ዋሽንግተን ፔሬይራ ከወንዙ ማዶ ካለችው ከሞንቴቪዴዮ የመጣ፣ ለአገሩ መንገደኞች የሥጋ ቤት መምሪያ የሚጽፍ ሰው ነው። ቦነስ አይረስ ከገባ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው፤ ሃያ ሦስት ቤት በልቷል። ዶን ባልታሳር ከደንበኞች በፊት ገብቶ እንዲቀመጥ የፈቀደለት እሱን ብቻ ነበር።

«እንዴት እዚህ መጡ? መሀል ከተማ ያሉት አይሻሉም?»

«መሀል ከተማ ያሉትን አሥራ አራቱን ሰርዣቸዋለሁ። ምናሌው በአራት ቋንቋ በተጻፈበት ቤት ሥጋው በአንዱም አይናገርም።» ትንሽ ደብተር ከኪሱ አወጣ። «ጥሩ ቤት የሚፈልግ እንግዳ ታክሲ ነጂውን "የት ልብላ" ብሎ መጠየቅ የለበትም፤ ወደ ዘመዱ ቤት ይወስደዋል። "አንተ እሑድ እናትህን የት ትጋብዛለህ" ማለት ነው። አምስት ነጂዎች ጠየቅሁ። አራቱ ላ ቶርካሳ አሉ። አምስተኛው እናት የለውም።»

«የዛሬውን ጽፈዋል?»

«እኔ ሁሉን እጽፋለሁ፤ ሰዓቱን ጭምር። ሥጋ ማለት ሰዓት ነው።» ገጹን ገልጦ አነበበ። «"አምስት ሰዓት ላይ ጎድኑ ርብራቡ ላይ ወጣ። ስድስት ሰዓት፣ በመስኮቱ የሚንጠባጠብ ስብ ሽታ ገባ፤ እናቴ ትዝ አለችኝ። ስድስት ከአምስት፣ ልጅቱ ሰላጣ አመጣች። ሴት ለምን አትጠብስም አልኳት። ተቆጣች። ደስ አለኝ። ስድስት ከሩብ፣ ሽታው ቆመ። ለምን? ስድስት ከሃያ፣ ኤልፒዲዮ ወይን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ልጅቱ ወደ ወጥ ቤት ገባች።"»

«ስለዚህ ኖኤሚ አጠገብዎ ሩብ ሰዓት ቆማለች።»

«እግሯ አልደከመም። ምላሷም።»

«ዶን ቶሪቢዮስ?»

«ብርጭቆ ሲያስተካክል ነበር፤ ለእያንዳንዱ ብርጭቆ አንድ ስድብ እየሰጠኝ።»

ክሎቲልዴ ወደ ጓሮው ይዛው ወጣችና በቀዝቃዛው ጎድን ፊት አቆመችው። «አንድ ቁራጭ ይቅመሱልኝ። እኔ ተከልክያለሁ። ባሬላ ደግሞ ሥራ ላይ ነው።»

«ወይዘሮ ክሎቲልዴ፣ ይህ ማስረጃ ነው አልኩዎት።»

«አንድ ጎድን ብቻ። አሥራ ሁለት ይቀርልሃል።»

ዋሽንግተን ቆረጠና ቀመሰ። ፊቱ ተለወጠ። ቁራሹን ወደ ብርሃን አዞረ። «ከላይ እንደ ፀሐይ ነው። አጥንቱ ሥር ግን ጥሬ ነው፤ ይኸው ደሙ። ሰባት ሰዓት ላይ ይህን ሊያቀርብልኝ ነበር? አራት ታክሲ ነጂዎች ሊሳሳቱ አይችሉም።»

«አልተሳሳቱም» አለች።

ኤልፒዲዮ ጥግ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር። ስልሳ ዓመቱ ነው፤ ከፎቶግራፉ ይልቅ ከስቷል። ስትቀርብ ተነሣላት።

«ስድስት ከሃያ ከመሆኑ በፊት የት ነበሩ፣ ዶን ኤልፒዲዮ?»

«መጋዘን። ለእንግዳው ወይን እመርጥ ነበር፣ እመቤቴ። ከዚያ ወዲያ ከጎኑ አልተነሣሁም፤ ይጠይቁት።»

«ጠይቄዋለሁ። ልክ ነዎት።»

«ኖኤሚ ክፉ ልጅ አይደለችም» አለ ራሱን ዝቅ አድርጎ። «ትኩስ ናት እንጂ። ለእሳት ሰከን ያለ ሰው ያስፈልጋል፤ እሷ አልሰከነችም። እግዚአብሔር ይፍታት።»

«ቤቱስ ምን ይሆናል?»

«እንግዲህ እይዘዋለሁ። የባልታሳር ምድጃ እንዲዘጋ አልፈቅድም።» ይህን ሲናገር አንገቱ ቀና አለ፤ ለአፍታ በፎቶው ላይ ያለውን ሰው መሰለ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ክሎቲልዴ ሁሉንም ጓሮ ሰበሰበቻቸው። ቀድማ ኖኤሚን አዲስ ፍም እንድታነጥፍና ጮማ ያለበት ጎድን እንድታስቀምጥ አዝዛ ነበር። ቶሪቢዮን አንድ የእንጨት ሣጥን ጨው ሞልቶ እንዲያመጣ አድርጋ በምድጃው ቀኝ ጥግ አኖረችው። ትንሽ የአመድ አካፋ ከምድጃው ጋር ተደግፎ ቆሟል።

«ምሳ ሊጋብዙን ነው?» አለ ባሬላ። «ሰውየው የሞተው ዛሬ ነው።»

«መኪናህ ሊመጣ ሠላሳ ደቂቃ አለው። ከዚያ በፊት እጨርሳለሁ።» ወደ ኖኤሚ ጠጋ ብላ ክንዷን ያዘች። «አንቺ እዚህ ቁሚ። ምንም ብታዪ አትንቀሳቀሺ።»

ስቡ መንጠባጠብ ጀመረ። ሽታው ጓሮውን ሞላው።

«ባሬላ ሥጋው ሰዓት ነው አለኝ» አለች ክሎቲልዴ በዝግታ። «እውነቱን ነው። ግን ሰዓቱን ያነበበው በመልኩ ብቻ ነው፤ አልቀመሰውም። ጎድኑ አጥንቱ ሥር ጥሬ ነበር። ባልታሳር እስከ ሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ቆሞ ቢጠብሰው ኖሮ ጥሬ አይሆንም ነበር። ሥጋው ሳይበስል ፍሙን የሚጠርግ ጠባሽ ደግሞ የለም። እንግዲህ ፍሙን ከሥሩ ያወጣው ሌላ ሰው ነው፤ ያወጣውም ቀደም ብሎ ነው።»

«መቼ?» አለ ባሬላ።

«ዶን ዋሽንግተን ጽፈውታል። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ የስቡ ሽታ ቆመ። ስብ ፍም ላይ ካልወደቀ አይሸትም። ስለዚህ ፍሙ የተጠረገው ያን ጊዜ ነው። ባልታሳር ቆሞ እያለ ደግሞ ማንም ሰው ፍሙን ሊነካበት አይችልም። ሬሳው ከመገኘቱ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ቀድሞ ተገድሎ ነበር፤ ጎድኑ ሳይቃጠል የቀረው ስለተጠበቀ ሳይሆን እሳት ስላጣ ነው።»

ከርብራቡ ሥር አንዲት ትንሽ ነበልባል ዘለለች፤ ጮማውን ላሰችና ተመለሰች። ዋሽንግተን ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ።

«ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ኖኤሚ የት ነበረች? እንግዳው ፊት ቆማ ትከራከር ነበር። ቶሪቢዮ? እዚያው እየተሳደበ።»

«እየቀለድኩ ነበር እንጂ» አለ ቶሪቢዮ።

ነበልባሉ አሁን ሦስት ቦታ ተነሣ። ጮማው እየተንጫጫ ጠቆረ። የኖኤሚ ክንድ በክሎቲልዴ እጅ ውስጥ ተወጠረ።

«እየተቃጠለ ነው» አለች ኖኤሚ በጥርሷ መካከል።

«አየዋለሁ። አሁን ወደ ቀረው ጥያቄ ልምጣ። አንድ ሰው በቁጣ ሰው ይገድላል። መንገዱ ክፍት ነው፣ ማንም አላየውም፤ መሸሽ ነው ያለበት። ግን አልሸሸም። ሬሳው እግሩ ሥር ተጋድሞ ቆሞ ፍም ይጠርጋል። ለምን? ሌላ ሰው ይህን አያደርግም። ሰው ገድሎ ለሥጋ የሚራራ ጠባሽ ብቻ ነው። እና ስለዚህ ሰው ሳስብ፣ እንዲህ ያለው ልማድ ከምን ይመጣል እላለሁ፤ አባቴ ለምሳሌ፣ ግንበኛ ነበር፣ አንድ ቀን አምስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ…»

ንግግሯን ሆን ብላ አራዘመችው። እሳቱ ጎድኑን ከዳር እስከ ዳር ያዘው። ዋሽንግተን ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ቶሪቢዮ ወደ ኖኤሚ አየ። ባሬላ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ።

ኤልፒዲዮ ከሁሉም ቀደመ። ከመቀመጫው ሲነሣ ማንም ያየው የለም፤ ሲያዩት አካፋውን ጨብጦ ምድጃው ፊት ቆሟል። በሦስት ምት፣ ሳያስብ፣ እንደ ወጣት ሰው ቀልጥፎ፣ የሚነደውን ፍም ከጎድኑ ሥር ጠራርጎ ወደ ቀኝ ገፋው። ነበልባሉ ወዲያው ሞተ። ፍሙ የጨው ሣጥኑ ላይ ተከመረ፤ እንጨቱ መጨስ ጀመረ።



«ቅርጫቱ በግራ ነው ያለው፣ ዶን ኤልፒዲዮ» አለች ክሎቲልዴ። «በዚህ ምድጃ ያደገ ሰው ፍሙን ወደ ግራ፣ ወደ እሳቱ ነው የሚመልሰው። በቀኝ የሚቀመጠው ጨው ነው። ኖኤሚ ብትሆን የአያቷን ሣጥን አታቃጥላትም ነበር። በእርስዎ ቤት ግን ቅርጫቱ በቀኝ ነበር፤ ፎቶው ላይ ይነዳል። ሃያ ሁለት ዓመት።»

ኤልፒዲዮ ቀኝ እጁን አየው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«ልማድ ብቻውን ማስረጃ…» ብሎ ጀመረ ባሬላ።

«እና ይቃጠል ብዬ ልተወው ነበር?» አለ ኤልፒዲዮ። «በሕይወቴ አንድ ጎድን አላቃጠልኩም። ቅድምም አላቃጠልኩም፣ አሁንም አላቃጥልም። በሰው ቤት ዳቦ ስለቆረጥኩ ጠባሽ አልነበርኩም ማለት አይደለም።»

ክሎቲልዴ ጋዜጣውን ፈታችና አጭሩን መቆስቆሻ አወጣች። «ይህን አሳየዎት።»

«አሳየኝ» አለ። «ደስ ብሎት። "ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ምድጃው የኖኤሚ ነው፤ በቁመቷ አሠራሁላት፣ ዛሬ በምሳ ሰዓት እንግዳው ፊት እሰጣታለሁ" አለኝ። ለእኔ የገባልኝን ቃል ረስቶታል። ረስቶት እየሣቀ ነበር።» አካፋውን በዝግታ አስቀመጠ። «ጀርባውን ሰጥቶኝ ሥጋውን ሊያይ ዞረ። ለአንዲት ቲማቲም ቆራጭ።»

ኖኤሚ መቆስቆሻውን ታይ ነበር። «ጠዋት እኮ ሰድቦኛል» አለች። «መሣቂያ እንሆናለን ብሎኛል።»

ቶሪቢዮ እጅጌውን ገፍቶ ሰዓቱን አሳያት። «ልጄ፣ አባትሽ ስጦታ ሊሰጥ ሲል ምን እንደሚል እኔን ጠይቂኝ።»

መኪናው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ኤልፒዲዮ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ ወደ ጎድኑ ዞረ። «ቶሎ ፍም መልሺበት» አላት ኖኤሚን። «ካልሆነ ይደርቃል።»

ባሬላ ኮፍያውን አነሣ። «ቤቱ ዛሬ መዘጋት አለበት። ሐዘን ነው።»

«ዛሬ እሑድ ነው» አለች ኖኤሚ።

አጭሩን መቆስቆሻ ከክሎቲልዴ እጅ ወሰደች። በመዳፏ ልክ ነው፤ ጎንበስ ሳትል፣ ሳትንጠራራ፣ ከቅርጫቱ አዲስ ፍም ሳበችና ከጎድኑ ሥር አነጠፈች። የተቃጠለውን ጮማ በቢላ ገፍፋ ጣለች። ከዚያ እጇን ከርብራቡ በላይ ዘርግታ በዝምታ ቆጠረች፤ አባቷ ያደርግ እንደነበረው። ማንም አልሄደም፤ ባሬላም ሰበብ አጥቶ ቀረ። ሰፈሩ ሁሉ በአጥሩ በኩል ማየት ጀመረ፤ ኖኤሚ አንዳቸውንም ግቡ ወይም ሂዱ አላለችም።

ሥጋው ሲደርስ ቶሪቢዮ በልማዱ ሁለት እጁን አነሣ።

«ሳትቀምሱ አታጨብጭቡ» አለች።

ቶሪቢዮ እጁን አወረደ።

ክሎቲልዴ ሳህን ዘረጋች።

«ሐኪሙስ?» አላት ባሬላ።

«ሐኪሙ እሑድ አይሠራም።»

ከአጥንቱ ሥር ቆርጣ ቀመሰች። ረጅም ጊዜ አላመጠች፤ ዋሽንግተን ደብተሩን ከፍቶ፣ እርሳሱን አንሥቶ፣ ፊቷን ይጠብቃል። ሳህኑን አስቀመጠችና አጨበጨበች። ቶሪቢዮ ተከተላት፤ ከአጥሩ ማዶ ያሉትም።

ኖኤሚ ዞር ብላ አላየቻቸውም። ፍሙን ወደ ግራ እየሳበች ነበር።